ለቆመ ሽማግሌ የተገዛ ፎቴ

ወይዘሮ አባይነሽ ወንበር ስታይ እንደ ሰው አይደለችም። ሰው ወንበር ሲያይ ይቀመጣል፤ እሷ መጀመሪያ ትገለብጠዋለች። ለቅሶ ቤት እንኳ ሄዳ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ባለበት ሰዓት፣ የሷ እጅ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ሥር ይገባና ምስማር ሲዳብስ ይገኛል። ጎረቤቷ ዙሀራ፣ የጨርቅ ሱቅ ያላት የስልጤዋ ዙሀራ፣ በክርኗ ጎሸም ታደርጋትና "አንቺ ሴትዮ፣ ምነው ሟችን ብትፈሪ! እጅሽን ሰብስቢ!" ትላታለች።

አመሉን ያመጣችው ከአዲስ አበባ ነው። በልጅነቷ አራት ዓመት ሙሉ አንድ አርመን ልብስ ሰፊ ቤት ተቀጥራ ሠርታለች። የቤቱ እመቤት፣ ማዳም የምትባለዋ፣ ሁለት አሮጌ ፎቴዎች ነበሯት። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አባይነሽ ተንበርክካ እንጨቱን በሰም ትወለውላለች፤ ማዳም ደግሞ ከጎኗ ቆማ ታስተምራታለች። "አዲስ ወንበር የሚያምረው ለዓይን ነው፣ አሮጌው ለወገብ" ትላታለች። "ደግ ፎቴ ማለት ደግሞ፣ የተቀመጠበትን ሰው ተነሥ ተነሥ የማይለው ነው።" አራት ዓመት ስትወለውል አንድ ቀን አልተቀመጠችበትም። ሠራተኛ ናታ፣ ማን ያስቀምጣታል!

አግብታ አሰላ ስትገባ ለባሏ የነገረችው የመጀመሪያ ነገር የነዚያን ፎቴዎች ወሬ ነበር። ባሏ ወልደጻድቅ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ደግ ሰው፣ ቃሉ ግን ረጅም። "ዘንድሮ እገዛልሻለሁ" አላት። በዓመቱም "ዘንድሮ" አላት። ዘንድሮ ዘንድሮ ሲባል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላና ወልደጻድቅ በሳንባ ምች ሞተ። ቤት ውስጥ የቀረው አንድ ረጅም አግዳሚ፣ አራት ዱካና አንዲት ልጅ ነው። ልጅቱ አሰገደች ትባላለች፤ አስተማሪ ናት።

ነገሩ ሁሉ የመጣው እንግዲህ በአሰገደች ነው። በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት መግቢያ ላይ፣ አሰግድ የሚባል የሁሩታ ልጅ፣ የትራክተር መካኒክ፣ ወደዳት። እሷም ወደደችው። እናቲቱ ልጁን ገና ከበር ሲገባ፣ ዘይት የነካው እጁን ከኋላው ደብቆ ሲሽኮረመም አይታ በልቧ ጨርሳለች። ግን የሷ ልብ ምን ያደርጋል! አባት የሞተባት ልጅ ጉዳይ የአባት ወንድም ነው፤ የአባት ወንድም ደግሞ ባላምባራስ ተክለወልድ ናቸው።

ባላምባራስ የዲክሲስ ባለመሬት ወዳጅ አላቸው፤ ወዳጃቸው ደግሞ ሚስት የሚፈልግ የወንድም ልጅ አለው። ስለዚህ ከሁሩታ ሦስት ሽማግሌዎች ለአሰግድ ሊለምኑ ሲመጡ፣ ባላምባራስ "እስቲ እንምከርበት" ብለው መለሷቸው። ይሄ ያለ ነው፣ ደንብ ነው። በሁለተኛው ግን "ልጁ እኮ ሲታይ ከሞተር ሥር የወጣ ይመስላል" አሉ፣ ሽማግሌዎቹ እየሰሙ! ይሄ ደንብ አይደለም። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይላካል፤ ሦስቴ ከተመለሰ አራተኛ የለም። ሦስተኛው ቀጠሮ ኅዳር ሚካኤል ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ ሆነ። አሰገደች የዚያን ዕለት እራት አልበላችም።

አባይነሽ ድፍረቷን ሰብስባ "ባላምባራስ፣ ልጅቱ ትወደዋለች እኮ" ብትላቸው፣ "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል" አሏት። "አንቺ ወጡን ጥሩ አድርገሽ ሥሪ።"

በዚያ በሁለተኛው ቀን አባይነሽ በመጋረጃው ቀዳዳ ሁሉንም አይታለች። የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ገብረ መድህን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሰው ናቸው። ወደ አንድ ሰዓት ያህል ቆመው ሲለምኑ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። ሲወጡ መቃኑን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉና፣ አሁን ተዋርደው የሚወጡ ሰው አይመስሉም፣ "ዝግባ ነው። ደግ አናጺ ነው የሠራው" አሉ። በወጣትነታቸው አናጺ ነበሩ አሉ። አባይነሽ የዚያ ጉልበት መንቀጥቀጥ አንጀቷን በላት። "እኚህን አባት የማስቀምጥበት ነገር ቢኖረኝ!" እያለች ሰነበተች።

ቸር ወሬ ይዛላት የመጣችው ዙሀራ ናት። "አባይ! ሰምተሻል? የወፍጮ ቤቱ ግሪክ ሙሴ ያኒ ጠቅልሎ ሊሄድ ነው። ዕቃውን እያወጣ ይሸጣል!"

"ወንበር አለ?" አለች አባይነሽ።

"ወንበር ብቻ! ቀያይ፣ የሚያብለጨልጩ..."

ዙሀራ ሳትጨርስ አባይነሽ ነጠላዋን ይዛ በሩን አልፋለች። ወጡ እሳት ላይ ነው! አሰገደች ባትደርስለት አሮ ነበር።

ሙሴ ያኒ ግቢ የአሰላ ሰው ግጥም ብሏል። መሀል ላይ ቀያዮቹ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ላስቲክ ለብሰው፣ የብረት እግራቸው በፀሐይ ያብረቀርቃል። ሰዉ ይከራከርባቸዋል። አባይነሽ አንዱን ገለበጠችው፤ ከሥሩ ስስ ጣውላና አራት ብሎን። ጫን አለችው፤ ጭድ ተንኮሻኮሸ። "ላይ ላዩን ብቻ!" አለችና ተወችው።

ዓይኗ ዞር ሲል ግን የገብሱ መጋዘን በር ገርበብ ብሏል። በሩ ውስጥ ከጆንያ ክምር ሥር የሆነ ክንድ ወጥቷል። የሰው ክንድ አይደለም፤ ጫፉ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ የእንጨት ክንድ! አባይነሽ ልቧ ዘለለ። ገባች፣ ጆንያውን ጎተተች፣ አቧራው አስነጠሳት፣ አንዲት ዶሮ ጮኻ ተነሣች። ሁለት ናቸው! ሁለት አሮጌ ፎቴዎች፣ ዝቅ ያሉ፣ ሰፋፊ፣ ጨርቃቸው ተቀዶ ሆዳቸው የወጣ። የአንዱ እግር ተሰብሯል፤ የሌላው መቀመጫ ላይ ሦስት እንቁላል አለ።

እንቁላሉን አንሥታ ወደ ጎን አኖረችና ሥራዋን ጀመረች። ገለበጠች፤ አንድ ምስማር የለም፣ መጋጠሚያው ሁሉ በእንጨት ችንካር ነው። በጣቷ አንኳኳች፤ ድምፁ ሙሉ ነው፣ ነቀዝ አልገባውም። በመደገፊያውና በመቀመጫው መሀል እጇን እስከ ክርኗ ሰደደች፤ አንድ እፍኝ ገብስና የካፖርት ቁልፍ ወጣ። ከተቀደደው ሆድ ትንሽ ስባ አሸተተች። ጭድ አይደለም፣ ጥጥም አይደለም፤ የፈረስ ጭራ ነው! እንደ ማዳም ፎቴ! በመጨረሻ ዙሪያዋን አየች፣ ማንም የለም፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ፎቴው ተቀበላት። ወገቧን ያዘላት፣ ክርኗን አስቀመጠላት፣ ወደ ታች ሳብ አደረጋትና ዝም አለ። ልትነሣ ስትል አልሆነላትም። ክንዱን ጨብጣ፣ ወደ ፊት ተወርውራ ነው የተነሣችው። "ማዳም ትሙት!" አለች ብቻዋን እየሳቀች።

ሙሴ ያኒ መጥቶ ሲያያት ተገረመ። "ማዳም! ይሄ አሮጌ ነው! ዶሮ ነው የሚተኛበት! ቀዩን ውሰድ!"

"ቀዩ ለዶሮ ይሁን፤ እኔ የዶሮውን ነው የምፈልገው" አለችው።

ዋጋውን ልተወው፤ ሙሴ ያኒ ራሱ አፍሮ ነው የተቀበላት።

የሚቀጥለውን የአሰላ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ባለጋሪው ከሊል አንዱን ፎቴ ገልብጦ ጫነ፤ ሌላውን ከኋላ ቀና አድርጎ አቆመና ራሱን አከከ። "አዴ አባይነሽ፣ ገመድ የለኝም። ሰው ካልያዘው ይወድቃል።"

"እኔ እይዘዋለሁ።"

"እንዴት አድርገው?"

"ተቀምጬበት ነዋ!"

ወጥታ ተቀመጠች። ከሊል ፈረሱን "ቼ!" አለ። አባይነሽ በአሰላ ዋና መንገድ ላይ፣ የጭላሎ ተራራ ከኋላዋ፣ ነፋሱ ነጠላዋን እያውለበለበ፣ በፎቴ ላይ ተንደላቅቃ አለፈች። ቡና ቤት የተቀመጡት ብድግ አሉ። አንዱ "እቴጌ፣ ወዴት ነው?" ብሎ ጮኸ። "ቤቴ!" አለችው፣ እጇን እያወዛወዘች። ዙሀራ ከሱቋ ወጥታ አፏን ይዛ ቀረች። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ሦስት ሳምንት ቤቱ ቤት አልነበረም። ከሊል ጓደኞቹን ባለጋሪዎች ለምኖ የፈረሶቻቸውን ጋማና ጭራ ቁርጥራጭ በጆንያ አመጣላት፤ አጥባ፣ አስጥታ፣ ከአሰገደች ጋር ቁጭ ብለው በጣት በጣት እየፈለቀቁ አፍታቱት። አናጺው ከሊፋ ለተሰበረው እግር የወይራ ችንካር አበጀ። "እንጨቱ የፈረንጅ አገር ነው፣ የኔ መጋዝ አያውቀውም" አለ። ዙሀራ ጥቁር አረንጓዴ ከፋይ ጨርቅ ከመደርደሪያዋ አውርዳ "ለሰርግ ያስቀመጥኩት ነው፤ ይሄም ሰርግ ነው" ብላ ሰጠቻት። አባይነሽ ደግሞ በየማለዳው ተንበርክካ እንጨቱን በሰም ትወለውላለች። በአሥረኛው ቀን ከጥላሸቱ ሥር ቀይ መልክ ብቅ ማለት ጀመረ፤ መስመር መስመር ያለው፣ ሲያዩት የሚሞቅ ቀይ። አሰገደችን ከክፍሏ ጎትታ እያመጣች "እይ! እይማ! ትናንት ይሄ ነበረ?" ትላታለች። አሰገደች ሐዘኗን ረስታ ትስቃለች።

ቅዳሜ ማታ ሁለቱ ፎቴዎች ሳሎን ገብተው ተቀመጡ። አባይነሽ በየመደገፊያቸው ነጭ ዳንቴል አለበሰቻቸው። ዙሀራ መጥታ ዞር ዞር ብላ አደነቀችና፣ "ለመሆኑ ነገ ማን ሊቀመጥበት ነው?" አለች።

"አቶ ገብረ መድህን ናቸዋ! ሽማግሌዎቹ!"

ዙሀራ ፎቴውን አየች፣ እሷን አየች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። "አንቺ ሴትዮ! ሽማግሌ መቼ ይቀመጣል? 'ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም' ብሎ ቆሞ አይደል እንዴ የሚለምነው? እኔ እስላሟ ላስተምርሽ?"

አባይነሽ ግንባሯን በመዳፏ መታች። እውነት ነው! አግዳሚው ያኔም ነበረ፤ የቆሙት መቀመጫ አጥተው አልነበረም። ሁለት ጊዜ በዓይኗ አይታ፣ በዚያ ሁሉ ደስታ መሀል እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። ሦስት ሳምንት የለፋችው ባላምባራስ ተንደላቅቀው "አይሆንም" የሚሉበትን ዙፋን ለማሰናዳት ሆነ። ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ራሷን ያዘች። ዙሀራም ሳቋን አቆመች።

"አይዞሽ" አለች ዙሀራ። "ባይቀመጡበትም ያዩታል።"

"ያዩታል" አለች አባይነሽ። ቆየችና ቀና አለች። "ያዩታል! ዙሀራ፣ እኒያ ሰውዬ እየተዋረዱ እንኳ መቃኔን ሲዳብሱ ነበር እኮ!" ብድግ ብላ አንደኛውን ፎቴ እየገፋች ከበሩ አጠገብ፣ ሽማግሌዎቹ ከሚቆሙበት ሥፍራ አንድ እርምጃ ብቻ ራቅ አድርጋ አቆመችው። ነጩን ዳንቴል ከላዩ ገፈፈችው። ቀዩ እንጨት ራቁቱን ወጣ።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለች ዙሀራ።

"እኔ በነገሩ አፍ የለኝም። በቤቴ ዕቃ ግን አለኝ።"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባላምባራስ ቀድመው መጡ። ፎቴዎቹን አይተው ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ፤ በውስጠኛው ላይ ተቀመጡና ወደ ታች ሲሰምጡ "እህ!" አሉ። ወዲያው ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ። ባላምባራስ ለደንቡ "ተቀመጡ እንጂ" አሉ። አቶ ገብረ መድህንም ለደንቡ "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም፣ ባላምባራስ" አሉ። አባይነሽና አሰገደች ከመጋረጃው ኋላ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል።

"እንግዲህ ለሦስተኛ ጊዜ መጥተናል" ብለው ጀመሩ አቶ ገብረ መድህን። "ልጅዎን አሰገደችን ለልጃችን ለአሰግድ..." አሉና ቆም አሉ። ዓይናቸው ወደ ጎን ሄደ። "...ለአሰግድ እንዲሰጡን" አሉ፤ ዓይናቸው ግን አልተመለሰም።

ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ እንኳ አስቤበታለሁ። ዝምድና ማለት ቀላል ነገር አይደለም። የልጁ ሥራ፣ የልጁ ርስት..." እያሉ ወደ "አይሆንም" አቀበቱን ሲጀምሩ፣ የአቶ ገብረ መድህን እጅ ደግሞ በራሱ ጊዜ ተዘርግቶ የፎቴውን ክንድ ነካ። ጠመዝማዛውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዞሩት። ጎንበስ አሉ። ኳ ኳ አደረጉት።

"ባላምባራስ፣ ይቅርታ" አሉ ድንገት። "ይሄ እንጨት ምንድን ነው አሏችሁ?"

"እ? የፈረንጅ ነው አሉ።"

"የምን ፈረንጅ!" ሽማግሌው ድምፃቸው ወጣት ሆነ። "ኮሶ ነው! የጭላሎ ኮሶ! ቅርጹን ፈረንጅ ያምጣው እንጂ እንጨቱ የኛው ነው! እዩት መስመሩን፣ እዩት!" ሁለቱን ጓደኞቻቸውን በእጅጌያቸው ጎተቷቸው። "ኮሶ ለሆድ እንጂ ለወንበር አይሆንም የሚል አናጺ ስንቱን አይቻለሁ! ይሄ ያረጀ ነው፣ ሃምሳ ዓመት ቢያንስ። በችንካር ነው፣ ምስማር የለውም። መቀመጫው ደግሞ..." በመዳፋቸው ጫን አሉት። "ጭራ ነው! እስቲ..."

ተቀመጡ።

ፎቴው ተቀበላቸው። ወገባቸውን ያዘላቸው፣ ያን ምስኪን ጉልበት አሳረፈው፣ ወደ ታች ሳብ አደረጋቸው። "እፎይ!" አሉ አቶ ገብረ መድህን፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከሆዳቸው።

ከቆሙት አንደኛው በሹክሹክታ "ኧረ ገብረ መድህን፣ ተቀምጠዋል እኮ!" አሏቸው።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። የሠሩት ነገር ገባቸው፤ ፊታቸው ደም ለበሰ። ክንዱን ጨብጠው ሊነሡ ሞከሩ፤ አልሆነም። ደግመው ሞከሩ፤ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወደ ባላምባራስ ቀና ብለው፣ በእውነተኛ እፍረት "ጥፋቱ የኔ ነው። ባላምባራስ፣ ልነሣ?" ብለው ጠየቁ።

አሁን ልብ በሉ። ባላምባራስ ተክለወልድ ግትር ይሁኑ እንጂ አሳዳጊ ያልበደላቸው ሰው ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፈውን ሰው፣ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ፣ ከወንበር "ተነሥ" ማለት ከአፋቸው አይወጣም። ሳያስቡት፣ እናታቸው እንዳስተማረቻቸው፣ "ኧረ በእግዜር! ይቀመጡ! ይቀመጡ እንጂ!" አሉ።

ከመጋረጃው ኋላ እልልታው ፈነዳ!

አባይነሽ ናት። በሽማግሌ ሸንጎ ሴት ቃል የላትም፤ እልልታ ግን የሴት ነው፣ ማንም አይከለክላትም። ሊለምኑ ቆመው የነበሩት ሽማግሌ "ይቀመጡ" ተብለው ተቀምጠዋል፤ ጉዳዩ አልቋል ማለት ነዋ! አሰገደች እያለቀሰች ተቀበለቻት። ዙሀራ ከአጥሩ ማዶ ሰማችና ለቀቀችው፤ ከሷ ቀጥሎ ያለው ቤት፣ ከዚያም ማዶ ያለው። ሰፈሩ በሙሉ እልል አለ። ባላምባራስ እጃቸውን አንሥተው "ቆዩ፣ እኔ ገና..." ቢሉም ራሳቸውም አልሰሙት። ሁለቱ ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉና "እግዜር ይስጥልን!" አሉ።

ባላምባራስ መጋረጃውን አዩ፣ ፎቴውን አዩ፣ የሽማግሌውን ጉልበት አዩ። ከዚያ ትከሻቸው ወረደና ሳቃቸው መጣ። "እንግዲህ ከተቀመጡማ ምን እላለሁ። የሞተሩ ልጅ ይሁንላት!"

አቶ ገብረ መድህን ግን ሌላ ጉዳይ ቀርቷቸዋል። የፎቴውን ክንድ እየዳበሱ "ይህን የመረጠው ማነው?" አሉ።

"የሴት ነገር ነው። አባይነሽ ናት" አሉ ባላምባራስ።

"እስቲ ትጠራልን!"

አባይነሽ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወጣችና እጅ ነሣች። "እርስዎ ነዎት? ይሄን ዕውቀት የት ተማሩት?" አሏት።

"ስወለውል ነው፣ አባቴ።"

"ታዲያ ለምን ይቆማሉ? መቀመጫ ይሰጣት እንጂ!"

አግዳሚውን ሽማግሌዎቹ ይዘውታል፤ ዱካ ደግሞ ለክብር አይሆንም። የቀረው ደግ መቀመጫ የባላምባራስ ፎቴ ብቻ ነው። ባላምባራስ ሊነሡ ክንዱን ጨበጡ፤ ሰመጡ። ደግመው ሞከሩ፤ ሰመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እየሳቁ ግራና ቀኝ ይዘው ጎትተው አወጧቸው፤ እሳቸውም እያጉረመረሙ ዱካ ላይ ሄደው ተቀመጡ።

አባይነሽ ተቀመጠች። በወንዶቹ መሀል፣ በልጇ ጉዳይ ላይ፣ ክርኗን በኮሶው ክንድ ላይ አድርጋ። "ዘንድሮ ሆነልን፣ ወልደጻድቅ" አለች በልቧ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና የሰርጉን ቀን ራሷ ቆረጠች።